«መብራት ነው የምሠራው»፦ ስድስት ሳምንት በአዲስ አበባ መሃል

ከደሴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ላምበረት መነኸሪያ ደረስን። ስለ 400 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ብዙ የምለው የለኝም፤ አብዛኛውን በእንቅልፍ ነው ያለፍኩት። የነቃሁት ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ነበር። ከጨለማው ወጥተን ነጭ ጉም ሲቀበለን፣ ይህን መድረክ ላይ ለማምጣት ስንት መብራት ከየት በኩል መሰቀል እንዳለበት ማስላት ጀመርኩ፤ ሳልጨርሰው መልሶ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሥራዬ የቴአትር መብራት ነው። ደሴ ውስጥ በዚህ ብቻ እንጀራ ስለማይበላ የሠርግ አዳራሽም የተማሪዎች ምረቃም አበራለሁ። አንድ የድሮ ጓደኛዬ አዲስ አበባ ቴአትር እያዘጋጀ ሳለ የመብራት ባለሙያው ውጭ አገር ዕድል አግኝቶ ጥሎት ሄደ። «አራት ሳምንት ልምምድ፣ ከምረቃው በኋላ ሁለት ሳምንት፤ ከዚያ አንድ ልጅ አሠልጥነህልኝ ትመለሳለህ» አለኝ። የአዳራሹን ስም አልጠራም። ከፒያሳ እስከ ለገሃር ባለው መሃል ይገኛል ማለት ይበቃል።

መነኸሪያው በር ላይ ሻንጣዬን ከእጄ የተቀበለ ባለታክሲ ለገሃር ድረስ 900 ብር ጠየቀኝ። ተከራክሬ 100 ብር አስቀነስኩና እንደ ብልህ ሰው ተኮፍሼ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ረዳት አዘጋጇ ስትሰማ፣ «በ800 ብር? ሰውየው መኪናውን ጨምሮ ሸጠልህ እንዴ?» አለች። ቀልዱ እስከ ሥራው መጨረሻ አልለቀቀኝም፤ አንድ ሰው ዋጋ ባነሣ ቁጥር ተዋንያኑ ወደ እኔ ያያሉ።

የተከራየሁት ከቸርቸር ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አሮጌ ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነው፤ ለወር 7,500 ብር፣ የወር ተኩል ቅድሚያ። ባለቤቷ ሰባዎቹን ያለፉ እናት ናቸው። ሥራዬን ጠየቁኝ።

«መብራት ነው የምሠራው፣ እትዬ።»

ፊታቸው በራ። እጄን ይዘው በቀጥታ ወጥ ቤቱ ጀርባ ወደተሰቀለው ቆጣሪ ወሰዱኝ። «ካርዱን ሞልቼው ሳምንት አይቆይም። ምን እንደሚበላው እስቲ እይልኝ፣ ልጄ።» እኔ የምሠራው የቴአትር መብራት እንደሆነ፣ ተዋንያኑ ሲተውኑ ብርሃኑን የምቀያይረው እኔ እንደሆንኩ አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «አምፖል ትቀይራለህ ማለት ነው» አሉ። እንደዚያ ይሁን ብዬ ተውኩት። አማርኛችን ለኤሌክትሪኩም ለብርሃኑም አንድ ቃል ስለሰጠ እሳቸውን መውቀስ አልችልም። ለማንኛውም ቆጣሪው ጤነኛ ነበር። ካርዱን የሚበላው የበሩ ጎማ ተሰነጣጥቆ ሌት ተቀን የሚያጓራው ማቀዝቀዣቸው እንደሆነ ነገርኳቸው። አላመኑኝም። «እሱማ 30 ዓመት አገልግሎኛል» አሉ፤ የቤተሰብ ስም ያጠፋሁ ያህል ነበር።

የመጀመሪያዋን ሌሊት አልረሳትም። ከአጥሩ ማዶ ግሮሰሪ አለ፤ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ጭብጨባው አላቋረጠም። እሱንስ እችለው ነበር። ያላስተኛኝ ጎን ካለው ያላለቀ ሕንፃ ላይ ወደ መስኮቴ የተደገነው የጥበቃ መብራት ነው። መጋረጃው ስስ ስለሆነ ግድግዳው ላይ ያለውን እያንዳንዱን የሚስማር ቀዳዳ ቆጠርኩ። ኖራ የመሰለ ነጭ፣ ጥላ እንኳ በወጉ የማይጥል ጨካኝ ብርሃን ነው። 20 ዓመት ስለ መብራት ስጨነቅ የኖርኩ ሰው በመጥፎ መብራት እንቅልፍ ሲያጣ ማን ይፍረድ? ደሴ ውስጥ ማታ ከጦሳ ግርጌ ሲጨልም፣ የሚጨልመው ከልቡ ነው። በሌሊት ቅዳሴውም አዛኑም ሲሰማ ግን አገሬ ያለሁ መሰለኝና ትንሽ አሸለብኩ።

በሦስተኛው ቀን መፍትሔ አገኘሁ። ከሻንጣዬ ውስጥ ጄል ነበረኝ፤ ጄል የምንለው መብራት ፊት የሚደረገውን፣ ሙቀት የሚችለውን ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ ነው። የብርቱካን መልክ ያለውን መርጬ መስኮቱ ላይ ድርብ አድርጌ ለጠፍኩት። ያ ጨካኝ ብርሃን ክፍሌ ሲገባ የምሽት ጀንበር ሆነ። ደስ ብሎኝ ጋደም ከማለቴ በሩ ተንኳኳ፤ እትዬ በነጠላቸው ተከናንበው ቆመዋል። «አንተ ልጅ፣ እሳት አነሣህብኝ እንዴ?» ገብተው ሲያዩ ለአፍታ ዝም አሉና፣ «ለእኔም ሳሎን ይኖርሃል?» አሉ። የቀረውን ቆርጬ ሰጠኋቸው።

የሥራው ቀን በመጠበቅ ይጀምራል። ልምምድ 3 ሰዓት ተብሎ የሚጀመረው 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሁሉም ይህን ስለሚያውቅ በሰዓቱ የሚመጣው እንግዳ ብቻ ነው፤ ማለትም እኔ። ወራቱ ኅዳር፣ ጾመ ነቢያት ስለገባ ምሳ ሁልጊዜ በየዓይነቱ ነው፤ 180 ብር። ደሴ ከዚህ በግማሽ እበላለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ተናግሬ፣ በሦስተኛው የታክሲዬን ነገር አንሥተው አፌን አስያዙኝ።

አዳራሹ ውስጥ ያሉት መብራቶች አብዛኞቹ አሮጌ ናቸው፤ ሁለት አዳዲስ ኤልኢዲዎች ብቻ ተጨምረዋል። ወጣቱ ሠልጣኜ አሮጌዎቹን ይንቃቸዋል። ቀለም አይቀይሩም፣ ይግላሉ፣ ይከብዳሉ። ከመከራከር ይልቅ አንድ ቀን አዳራሹን አጨልመን ሁለቱን ጎን ለጎን አበራንና ቀስ በቀስ እንዲያወርዳቸው ነገርኩት። ኤልኢዲው ሲወርድ ያው ነጭ ሆኖ ብቻ ይደክማል። አሮጌው አምፖል ግን ኃይሉ ሲቀንስበት ክሩ እየቀዘቀዘ ይቀላል፤ መጨረሻ ላይ ልክ አመድ ሊለብስ እንደቀረበ ፍም ይሆናል። ቴአትሩ ውስጥ እናትየዋ የምትሞትበት ትዕይንት አለ። ልጁ ዝም ብሎ አየና፣ «እሷ ላይ አሮጌውን እናድርግ» አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ማስተማር አላስፈለገኝም።

ኤልኢዲ ስል ጎዳናውን አስታወሰኝ። ቸርቸር ጎዳናን ከ3 ዓመት በፊት ያየ ሰው ዛሬ ማታ ቢሄድበት ግራ ይገባዋል፤ ሕንፃው ሁሉ ከግርጌው ወደ ላይ በሚረጭ መብራት ተሸልሟል። ያምራል አያምርም የሚለውን ለእናንተ ትቼ አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ከታች ወደ ላይ የሚበራ መብራት እኛ መድረክ ላይ የምንጠቀመው ለመንፈስና ለገዳይ ነው። ዛፍ ሥር ተደግኖ የቆመ አንድ መብራት አጠገብ ጥንዶች ፎቶ ሲነሡ አይቼ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እንዲሉ ልነግራቸው ዳድቶኝ ተውኩት። ያኔ ጥብስ የበላሁበት የዶሮ ማነቂያ ቤት ደግሞ ከነሰፈሩ የለም። የቆመበትን ቦታ ለማግኘት ሁለት ጊዜ ዞሬ፣ ጥበቃው በጥርጣሬ ሲያየኝ ሄድኩ።

እሁድ ልምምድ ስለሌለ ብሔራዊ ቴአትር ገባሁ። ቤቱ የተመረቀው በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ነው፤ ግንባታውን የጀመሩት ግን በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ነበሩ፣ ለሲኒማ አዳራሽ ብለው። ከፊት ለፊቱ የቆመውን አንበሳ የሠራው ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ ነው። በቀትር ስታዩት ግራጫ ድንጋይ ነው። ማዕዘን ማዕዘን ተደርጎ የተጠረበ ስለሆነ ግን ወደ 10 ሰዓት ግድም ፀሐይ ከጎን ስትመታው ግማሹ ጥላ፣ ግማሹ ብርሃን ሆኖ ሊነሣ ያለ ይመስላል። ውስጥ ገብቼ ከመድረኩ ይልቅ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት፣ «ወንድሜ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?» አሉኝ።

የእኛ ሙያ ሰው እንዲህ ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም.፣ ከወረራው ዋዜማ ሲመሠረት መኮንን ሀብተ ወልድ እንደመሩት ሁሉም ያወራል፤ የዘፋኙም የተዋናዩም ስም ይገኛል። ያንን መድረክ በፋኖስም ይሁን በአምፖል ማን ያበራ እንደነበር ግን የነገረኝ ሰው የለም።

በአራተኛው ሳምንት የሰፈሩ ውሃ አምስት ቀን ጠፋና ፍል ውሃ ሄድኩ። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ አስወርዶ ከተማዋን ያስቆረቆረ ውሃ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ገላዬን ታጥቤበት ግን አላውቅም ነበር። ተራ ይዤ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። ገብቼ ሙቁ ውሃ ሲወርድብኝ መሰላል ላይ የከረመ ወገቤ ተፈታ። ከስድስቱ ሳምንት አንዱን ቀን ብቻ ድገም ብባል ያንን ነው የምደግመው።

አንድ ደግ ሰው ልጨምር። ምረቃው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው የመቆጣጠሪያው ፊውዝ ተቃጠለ። ፒያሳ ውስጥ አራት ሱቅ ዞሬ አጣሁ፤ በአምስተኛው አንድ ሽማግሌ የተቃጠለውን በአጉሊ መነጽር አይተው፣ ከኋላ ካለ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሦስት አወጡልኝ። ዋጋውን ስጠይቅ፣ «ለቴአትር ነው አላልክም? ሂድ» አሉ። 800 ብሬን ያን ዕለት ይቅር አልኩ።

ምረቃው ጥሩ ሄደ። በሁለተኛው ትርኢት ላይ ግን መብራት ጠፋ። ልብ በሉ፣ የእኔ ሳይሆን የሰፈሩ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል፤ እዚያ ላይ ሆኖ ለሚጠብቅ ግን ዓመት ነው። አዳራሹ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ያለችበት ትዕይንት ባልና ሚስት ስለ ቤት ወጪ የሚጨቃጨቁበት ነበርና ተዋናይቷ ከጨለማው ውስጥ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «ይኸው! ካርድ ሙላ ስልህ አልሰማ ብለህ!» አለች። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ብርሃኑ ሲመለስ ጭብጨባው ገና አላባራም ነበር። እኔ ላቤን እየጠረግሁ ነበር። አዘጋጁ ያቺን ዓረፍተ ነገር በቃለ ተውኔቱ ውስጥ አስገባት፤ ከዚያ በኋላ በየትርኢቱ መብራቱን የማጠፋው በእጄ ነው።

የመጨረሻው ሳምንት እትዬን ጋበዝኳቸው። ነጭ ለብሰው፣ የጎረቤት ልጅ ይዘው መጡ። ሲያልቅ በሩ ላይ ጠበቅኋቸው። እናትየዋ ስትሞት አልቅሰዋል፤ ዓይናቸው ያስታውቃል።

«እንዴት ነበር፣ እትዬ?»

«ግሩም ነው። አንተ ግን የት ነበርክ? እስከ መጨረሻው ብፈልግ አላየሁህም።»

ከላይ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል እንደምቀመጥ አሳየኋቸው። አንጋጠው አዩ።

«ይህን ሁሉ መንገድ የመጣኸው እዚያ ልትደበቅ ነው?» አሉና ክንዴን ያዙ። ቸርቸርን ስንሻገር ድንገት ቆም ብለው፣ «ማቀዝቀዣውን ነቀልኩት እኮ» አሉ። «ካርዱ ሁለት ሳምንት ቆየ።»