የሆስፒታሉ ዕዳ ተሰረዘ፤ የሐኪሞቹ ግን ቀጠለ

አሜሪካ ውስጥ ያለ ኢንሹራንስ ሆስፒታል የገባ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ይህን አስቀድማችሁ እወቁልኝ፤ ሕክምናው የተሰጠው በአንድ ሕንፃ ውስጥ ቢሆንም ክፍያ የሚጠይቀው አንድ ድርጅት አይደለም። ለእኔ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ወር ስልክ ይዤ አልንገበገብም ነበር።

ታናሽ ወንድሜ በዲቪ ሜሪላንድ ከገባ ዓመት አልሞላውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ መኪና ማቆሚያ እየሠራ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ተነሣበትና ድንገተኛ ክፍል ወሰድኩት። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌደራል ሕግ ሆስፒታሎች ለድንገተኛ ሕመም የመጣን ሰው ገንዘብ አለህ የለህም ሳይሉ እንዲመረምሩና ከአደጋ እንዲያወጡ ያስገድዳል። በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ስለ ሕክምናው ከምስጋና በቀር የምለው የለኝም።

በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ድንገተኛ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የድንገተኛ ሕክምናውን ወጪ መንግሥት የሚከፍልበት መርሐ ግብር ነው፤ ከተፈቀደ የሐኪሞቹንም ክፍያ ይሸፍናል። የወንድሜ ገቢ ግን ከጣሪያው ትንሽ አለፍ ስላለ አልተፈቀደለትም። ቀጥሎ ለሆስፒታሉ የገንዘብ ድጋፍ አመለከትን። የ2010ሩ የጤና ሕግ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች እንዲህ ያለ ድጋፍ እንዲኖራቸውና የመጀመሪያው የክፍያ ደብዳቤ ከወጣበት ጀምሮ ለ240 ቀናት ማመልከቻ እንዲቀበሉ ያዛል። ሜሪላንድ ደግሞ ገቢው ከፌደራሉ የድህነት መለኪያ እጥፍ ለማይበልጥ ሰው ነፃ እንዲሆን ደንግጋለች፤ በ2024 ይህ ለብቸኛ ሰው በዓመት 30,120 ዶላር ነበር። የደመወዝ ወረቀት፣ የታክስ ወረቀትና መታወቂያ አስገባን። ዕዳው ሙሉ በሙሉ መሰረዙን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ቤታችን ውስጥ እልልታ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከሌላ ስቴት፣ ስሙን ሰምተነው ከማናውቀው ድርጅት ፖስታ መጣ። «የድንገተኛ ክፍል ሐኪም አገልግሎት» ይላል። ቀጥሎ የማደንዘዣው መጣ፤ እሱም ከሌላ ድርጅት።

ሆስፒታሉ ጋ ደወልኩ። የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ የሰነዱን ቁጥር እንኳ ሳትጠይቀኝ «እኛን አይመለከትም» አለችኝ። ለምን? ብዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች የድንገተኛ ክፍል፣ የማደንዘዣና የራጅ ሐኪሞቻቸውን ራሳቸው አይቀጥሩም፤ ከሐኪም አቅራቢ ኩባንያዎች ጋር ይዋዋላሉ። ሐኪሙ የሆስፒታሉን መታወቂያ አንጠልጥሎ አልጋህ ራስጌ ይቆማል፤ ክፍያውን የሚጠይቀው ግን ኩባንያው ነው። ሜሪላንድ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሆስፒታሎችን ዋጋ በኮሚሽን የምትተምን ስቴት ናት፤ የሐኪሞቹ ዋጋ ግን ከኮሚሽኑ ሥልጣን ውጭ ነው። የድጋፍ ሕጉም የሚያስረው ሆስፒታሉን እንጂ ኩባንያውን አይደለም። ከ2022 ጀምሮ የሚሠራው፣ ታካሚ ያልጠበቀው የሕክምና ክፍያ እንዳይጠየቅ የሚከለክለው ሕግም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ለገባ ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው የሚፈይደው ነገር የለም። የቀረብንበት በር ሁሉ ሐኪሙ ጋ ሲደርስ ይዘጋል፤ ይህ ደግሞ ሳያስቡት የተፈጠረ ክፍተት ነው ብዬ አላምንም።

የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞቹ ኩባንያ ጋ ስደውል የምትመልስልኝ ሴት ትሑት ናት፤ የተጻፈላትን ታነባለች። «በወር ስንት መክፈል ይችላሉ?» የማመልከቻ ቅጽ አላችሁ ወይ? «በወር ስንት መክፈል ይችላሉ?» ወንድሜ ከጎኔ ተቀምጦ ይሰማል። «እትዬ፣ ተይው በቃ፤ ዕቁቤ በሚቀጥለው ወር ይደርሰኛል፤ የሰው ዕዳ ይዤ አልተኛም» አለኝ። በዕዳ ማፈር ከቤት ይዘነው የመጣነው ነገር ነው፤ እነሱ የሚሰበስቡትም በዚሁ እፍረት ነው። አልፈቀድኩለትም።

መውጫው የተገኘው ከሆስፒታሉ የድጋፍ መመሪያ ጀርባ ካለ ዝርዝር ነው። የፌደራል ደንቡ ሆስፒታሉ በግቢው ከሚያክሙት መካከል የትኞቹ በድጋፉ እንደሚሸፈኑ፣ የትኞቹ እንደማይሸፈኑ ዘርዝሮ እንዲያወጣ ያስገድዳል። የማመልከቻ ቅጹን በአማርኛ ሰጥተውን ነበር፤ ዝርዝሩ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ሳነበው የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞቹ ኩባንያ «ከሚሸፈኑት» ጋር ተጽፎ አገኘሁት። ሆስፒታሉ ራሱ ያወጣውን ወረቀት የራሱ ሠራተኛ አታውቀውም! ገጹን ከመሰረዣው ደብዳቤ ጋር አያይዤ ለሆስፒታሉም ለኩባንያውም በአደራ ደብዳቤ ላክሁ። ከሳምንታት በኋላ ያ ዕዳ ዜሮ ሆነ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ከምኮራባቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤዎቹ «በአፋጣኝ ደውሉልን» ሲሉ አትደውሉ፤ ጻፉ። ስልክ ላይ የተባለ ነገር ማስረጃ አይሆንም። የሆስፒታሉ አማካሪ «ቅን መሆንዎን ለማሳየት በትንሽ ትንሹ ይጀምሩ» ብላን ነበር፤ እኔ ግን ማመልከቻው ሳይወሰን አምስት ዶላርም አትክፈሉ እላለሁ። በክሬዲት ካርድማ ፈጽሞ፤ ካርዱ ላይ ካረፈ የሕክምና ዕዳ መሆኑ ቀርቶ ወለድ የሚበላው ተራ ዕዳ ይሆናል። ክሬዲታችን (የብድር ታሪካችን) ይበላሻል ብላችሁም አትደንግጡ፤ ሦስቱ ትልልቅ የክሬዲት መዝጋቢዎች ያልተከፈለ የሕክምና ዕዳን ዓመት ሳይሞላው እንደማይመዘግቡ፣ ከ500 ዶላር በታች የሆነውንም እንደማያካትቱ ካስታወቁ ቆይተዋል። የምትጻጻፉበት ጊዜ አላችሁ።

የማደንዘዣው ኩባንያ ስም ግን «ከማይሸፈኑት» ጋር ነበር። ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት የአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ለዚሁ አገልግሎት የሚከፍለውን ዋጋ ጠቅሼ ተከራከርኩ፤ ጥቂት ቀነሱ እንጂ አልሰረዙም። ወንድሜ በየወሩ እየከፈለ ነው። የመጀመሪያውን ክፍያ ከመላኩ በፊት ግን ወለድ እንደማይታሰብበትና ለዕዳ ሰብሳቢ እንደማይተላለፍ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልን አድርጌአለሁ።