ጥር 23 በእንጅባራ

መንገዱ ሰላም በነበረበት ዓመት ነው። ከደብረ ማርቆስ በሌሊት ተነስቼ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፌ ቲሊሊ ስደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ። የአዊ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር የከሰል ጆንያ።

እንጅባራ (ነባሮቹ ዛሬም ኮሶበር ይሏታል) የአገው ፈረሰኞች በዓል ዋዜማ ነውና አልጋ ጠፍቷል። ያገኘሁትን የአዘቦቱን ዋጋ ሦስት እጥፍ ከፍዬ ያዝኩ፤ ፎጣ እንኳ የለውም። ጠጅ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ፣ ሊስትሮው፣ ሁሉም በሥራ ተወጥሯል።

በማግስቱ ሜዳው ዳር ቆሜ ፈረሶቹ ገና ሳይታዩ መሬቱ ሲርድ ተሰማኝ። ከዚያ ዳገቱን ሞልተው ወረዱ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ገና ከአገር ሳይወጣ ነው፤ የዓድዋን አርበኞችና የጋለቧቸውን ፈረሶች ለማሰብ። ዓድዋ የካቲት 23፣ ይሄም ጥር 23፤ ሁለቱም የጊዮርጊስ ዕለት። ማኅበሩ ለበዓል ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲሞት በፈረስ ይሸኛል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ለቱሪስት ተብሎ የተሰናዳ ትርኢት ያልመሰለኝም ለዚህ ይሆናል።

አንድ ሽማግሌ ከግልቢያ ተመልሰው አጠገቤ ቆሙ። ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ እርካቡን በአውራ ጣታቸው ቆንጥጠው ይዘውታል። የፈረሱ ግንባር ላይ ቀይ ዘርፍ፣ አፉ ላይ አረፋ።

«ጋሼ፣ ፎቶ ላንሳዎት?»

«አንሳ ልጄ። ሁሉም ያነሳል። ገብሱን የሚገዛ ነው የጠፋው» አሉና ለጓደኛቸው በአገውኛ አንድ ነገር ጣል አደረጉ፤ ሁለቱም ሳቁብኝ።

ግጦሹ ባሕር ዛፍና ዲከረንስ እየሆነ ነው አሉኝ። መኖ ከገበያ ነው። ከሰል ብር ያመጣል፣ ፈረስ ብር ይበላል፤ ልጃቸው ሽጠው ይላቸዋል። እኔም የአልጋዬ ሂሳብ ትዝ አለኝ። ከተማዋን በዚህ ቀን የሚያጠግባት ፈረሱ ነው፤ ባለ አልጋውና ባለ ጠጁ ከሚያገኙት ላይ ቁና ገብስ ቢያዋጡ ምን ነበረበት? እንግዳ ዘንገና ሐይቅን ሊያይ ብቻ በዚህ ብርድ አያድርም።

አመሻሽ ላይ ሽማግሌውን ከከተማው መውጫ አየኋቸው። ፈረሱን አልተቀመጡበትም፤ «ደክሞታል» ብለው በልጓም እየሳቡ ነው የሚሄዱት። ቀዩን ዘርፍ ፈትተው በፌስታል ጠቅልለው በብብታቸው ይዘውታል።