ሻሽ የታሰረበት ጆንያ

2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነው። ጅማ ውስጥ በአንድ ቡና መቀሸሪያ የመጋዘን ጸሐፊ ሆኜ ከተቀጠርኩ አራተኛ ወሬ ነበር። ሥራዬ ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ጀንፈል ሲገባ መመዘን፣ ተቀሽሮና ተለቅሞ ሲወጣ መመዘን፣ ሁለቱም ላይ መፈረም። ከባዱ መፈረሙ ነው። የፈረምኩበት ኪሎ መድረሻው ላይ ጎድሎ ከተገኘ የሚቆረጠው ከደመወዜ ነው። ገና በመጀመሪያው ወር 11 ኪሎ ጎድሎብኝ ከፍያለሁ። ከዚያ ወዲህ የቆጠርኩትን ጆንያ መልሼ ሳልቆጥር አላልፍም ነበር።

ጅማና አካባቢዋ ቡናውን በብዛት የሚያዘጋጁት በፀሐይ አድርቀው ነው። እሸቱ ከነልጣጩ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል፤ ጀንፈሉ ማሽን ገብቶ ሲቀሸር ፍሬው ይወጣል። ማሽን ግን ሁሉን አይለይም። ጥቁሩን ፍሬ፣ ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውን፣ ጠጠሩን የሚለየው የለቃሚ ሴቶች ጣት ነው። እኛ ግቢ ከጠዋት እስከ ማታ ረድፍ ሠርተው ተቀምጠው ይለቅማሉ፤ የሚከፈላቸውም በለቀሙት ልክ ነው። ማታ ሲወጡ በር ላይ ይፈተሻሉ። ነጠላቸው ይራገፋል፣ ምሳ ዕቃቸው ይከፈታል። ያኔ ይህ ፍተሻ ምንም አይመስለኝም ነበር። የሚያስጠይቀኝ ኪሎ ስለሆነ፣ እንዲያውም ቢጠብቅ ደስ ይለኝ ነበር።

የዚያን ቀን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ 80 ጆንያ ቅሽር ቡና በአይሱዙ ጭነን ከተማ መሃል ወዳለው ማከማቻ ተነሣን። እኔ ጋቢና ነበርኩ፣ መሸኛው ጭኔ ላይ። ከጅሬን ኮረብታ በኩል ደመናው ጠቁሮ እየመጣ ነበር። ጅማ ዝናቧ ወር አይጠብቅም፤ የበጋው ዝናብ ደግሞ ለቡና ሰው ጠላት ነው። ሾፌሩ ፈጠን አለ። የአዌቱን ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን እንደጀመርን ከኋላ ጧ የሚል ድምፅ ሰማን። ገመድ ነበር የተበጠሰው።

ወርጄ ሳይ አምስት ጆንያ ወድቋል። ሁለቱ ደህና ናቸው። ሦስቱ ተቀደዋል። 180 ኪሎ ቡና አስፋልቱ ላይ ተዘርግፎ፣ ከፊሉ በዳገቱ ቁልቁል እየተንከባለለ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ረዳቱ የቀረውን ጭነት ለማሰር ላይ ወጣ፤ ሾፌሩ ጎማ ሥር ድንጋይ ያደርጋል። እኔ መሃል ላይ ቆሜ እጄን ዘርግቻለሁ፣ በሁለት እጅ መንገድ የሚዘጋ ይመስል።

ከኋላችን ሲመጣ የነበረ አንድ ባጃጅ ሰያፍ ሆኖ መንገዱ ላይ ቆመ። መኪና ቡናው ላይ እንዳይነዳ ነው የዘጋው። ያኔ ግን የመሰለኝ ለመጫን የተጠጋ ነው። ተሳፋሪዎቹ ወረዱ። ከማዶ ካለው ሱቅ አንድ ሰውዬ ባዶ ኬሻ ይዞ ሮጠ። ኬሻውን ሳይ ልቤ ቆመ። ከዚያ ከታች በኩል ሰባት ስምንት የሚሆኑ ሴቶች እየሮጡ መጡ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሠሩና ቡናው ላይ ተቀመጡ። በኦሮምኛ ቶሎ ቶሎ ይነጋገራሉ። እኔ ከደብረ ብርሃን ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ቋንቋውን አልሰማም።

«አትንኩ!» አልኩ። ማንም አልዞረም። «አትንኩ ብያለሁ!»

ስልኬን አውጥቼ ኃላፊዬ ጋ ደወልኩ። ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ብረሳው ደስ ባለኝ። «ቡናው ፈሷል፣ ሕዝቡ እየዘረፈው ነው! ሴቶቹ በነጠላቸው እያፈሱት ነው፣ ሌቦች ናቸው፣ ቶሎ ጥበቃ ላኩልኝ!» ይህን ስጮህ አጠገቤ ከተቀመጡት ሴቶች በክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ።

ስልኩን ዘግቼ ዝም ብዬ ሳያቸው ነው እጃቸውን ያስተዋልኩት። እንዲህ ያለ እጅ በየቀኑ ግቢያችን ውስጥ አያለሁ። ለቃሚዎች ናቸው፤ የእኛ ሳይሆኑ የሌላ ግቢ፣ ሥራ ጨርሰው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው በኪሎ ሲከፈላቸው የዋሉበትን ሥራ አስፋልት ላይ ቁጢጥ ብለው እንደገና ጀምረውታል። ነጠላቸው ላይ የሚሰበስቡት ሊያበጥሩት ነበር። ሁለቱ ከቦዩ የወጣውን እርጥቡን ብቻ ለብቻ ይከምራሉ። እርጥቡ ከደረቁ ጋር ጆንያ ቢገባ ሌላውን ይዞት እንደሚሻግት ያውቃሉ፤ እኔ በዚያ ድንጋጤ ሁሉንም በአካፋ ዝቄ አንድ ላይ ነበር የምጨምረው።

ጠና ያሉት እናት መኪናው ሥር የነበረውን እፍኝ አንሥተው አሸተቱትና በአማርኛ፦

«ይኼ ናፍጣ ነክቶታል ልጄ፣ ለብቻ አድርገው» አሉኝ።

ቡና ሽታ ይስባል። ናፍጣ የነካው ጥቂት ፍሬ ጆንያውን በሙሉ ቀምሶ ደረጃ የሚያወጣ ሰው ፊት ያዋርደዋል። ይህን ያወቅኩት ግን ለአራት ወር ስሙን ስጽፈው ከኖርኩት ከመዝገቡ አይደለም።

ሱቁ ያለው ሰውዬ ኬሻዎቹን ሰጠ፤ ወስፌና ሲባጎም ከቤቱ አመጣ። ሁለት ተማሪዎች ጃንጥላቸውን ደረቁ ክምር ላይ ያዙ፤ ራሳቸው ላይ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ባለ ባጃጁ ከግማሽ ሰዓት በላይ ያለ ገቢ ቆሟል። ከኋላው የሚያስጮሁትን መኪኖች እጁን እያወዛወዘ ያረጋጋል። አንደኛው የተቀደደ ጆንያ በወስፌ የሚያያዝ ዓይነት አልነበረም፤ እኚያ እናት ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ከሥሩ ሻሻቸውን ፈቱ፤ የተቀደደውን አፍ ሰብስበው በሻሹ ጠፍረው አሠሩት።

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የእኛ ጥበቃዎች በሞተር ደረሱ። ሁለት ናቸው፣ ዱላ ይዘዋል። እኔ የነገርኳቸውን ነው ይዘው የመጡት፤ አልፈርድባቸውም። «ተነሡ! ተነሡ!» እያሉ ሴቶቹ መሃል ገቡ። አንደኛው እኚያን እናት ትከሻቸውን ገፋ አድርጎ አስነሣቸው፤ ሚዛናቸውን ስተው በእጃቸው መሬት ያዙ። ቀሚሳቸውን አራገፉ። አንድም ቃል አልተናገሩም። ነጠላቸውን አስተካክለው ከጓደኞቻቸው ጋር ዳገቱን ወጡ።

«ተዋቸው» ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል ነበረች። አላልኩም። ዝናቡ መጣ፣ ሸራ አለበስን፣ ሄድን።

ማታ ማከማቻው ውስጥ ስንመዝን ደረቁ 156 ኪሎ ሆነ። እርጥቡ 17፣ ልክ አንድ ፈረሱላ። ናፍጣ የነካው 3 ኪሎ። ድምሩ 176፤ ከ180ው የጎደለው 4 ኪሎ ነው፣ እሱም ቦዩ የበላው። ሚዛኑን ሦስት ጊዜ አስደገምኩ። ደረቁ ክምር ውስጥ እጄን ከትቼ ሳገላብጥ አንድ ጠጠር አላገኘሁም። አስፋልት ላይ ወድቆ ከመጫኑ በፊት ከነበረው ጠርቶ ነው የተመለሰው።

ለጎደለ ቡና የምንሞላው ቅጽ አለ። «የጎደለበት ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ መኪናው ውስጥ ሆኜ በእርሳስ «በዝርፊያ» ብዬ ጽፌበት ነበር። ላጲስ ይዤ ብዙ ቆየሁ። ምክንያቱን አስተካክዬ ጻፍኩ፤ ሰዎቹን የምጽፍበት ግን ቦታ አጣሁ። ቅጹ ላይ የጎደለ እንጂ የተመለሰ የሚባል ረድፍ የለም። ከታች ባለው ነጭ ቦታ ላይ «176 ኪሎው የተሰበሰበው በመንገደኞች ነው፤ ጥበቃ የጠራሁት እኔ በስህተት ነው» ብዬ ፈረምኩ። በማግስቱ ኃላፊዬ አንብቦ ቀና ብሎ አየኝና ማኅተሙን አሳረፈበት። ስለ በሩ ፍተሻም የዚያን ቀን አነጋገርኩት። እስካሁን ፍተሻው አልቀረም፤ ግን አሁን የምንፈተሸው ሁላችንም ነን፣ እኔም ቦርሳዬን እከፍታለሁ።

ሻሹን ከጆንያው ፈትቼ አጠብኩት። ቡናማ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ቢጫ አበባ ያለበት። ከዚያ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ የአንዱን መቀሸሪያ በር መጠበቅ ጀመርኩ። ሦስተኛው ግቢ ላይ፣ በስምንተኛው ቀን፣ ለቃሚዎቹ ተፈትሸው ሲወጡ አየኋቸው።

ሮጬ ሄጄ ሻሹን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። አጠገባቸው ያለችው ልጅ ሳቀች፤ ታስታውሰኛለች። አንድ ያጠናሁት ቃል ነበረኝ፣ «ገላቶማ» አልኩ፤ ሌላው ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ከዚያ በአማርኛ፣ ያን ቀን በስልክ ስለ እናንተ ክፉ ነገር ተናግሬያለሁ፣ ይቅር በሉኝ እትዬ፣ አልኩ። ያልሰሙ መስሎኝ ነበር የምናዘዘው።

ሻሹን አጥፈው ምሳ ዕቃቸው ላይ አስቀመጡት።

«ሰምተንሃል እኮ ልጄ» አሉ። «ዝናቡ እየመጣ ነበር፤ መልስ ለመስጠት ጊዜ አልነበረንም።»