ዛሬስ?

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ ቅዱሳን። ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ምስክርነት ሲባል ሁላችንም የለመድነው መልክ አለ። ታመመ፣ ተጸለየ፣ ተፈወሰ፣ ሃሌ ሉያ። የእኔ እንደዚያ አይደለም። ለጓደኛዬ ፈውስ ሦስት ዓመት ጸለይን፣ ጾምን፣ አዳር አደርን። እሱ ግን ሞተ። ጌታ እንደሰማን ያወቅሁት ከተቀበረ በኋላ፣ በሠልስቱ ማታ ነው። ያንን ማታ ልንገራችሁ። ግን መጀመሪያ እሱን ማወቅ አለባችሁ።

ጊታሪስት ነበር። ስሙን ለቤተሰቡ ስል አልጽፍም። የተዋወቅነው በአሥራ ስድስት ዓመታችን፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ ኳየር ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ የነበራት አንድ ቦክስ ጊታር ብቻ ነበር። ተራ ገብተን ነበር የምንለማመደው። በኋላ እሱ ሊድ፣ እኔ ባስ ያዝን።

ያስተማረው አንድ ሽማግሌ ወንድም ነው። በደርግ ጊዜ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ጸሎት በየቤቱ ሲደረግ፣ ይህ ወንድም ድምፁ ከግድግዳው እንዳያልፍ ከጊታሩ ክሮች ሥር ጨርቅ ወትፎ ይጫወት ነበር። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት የታሰረበት ዘመን ነው። ሽማግሌው ያንን ለስላሳ አጨዋወት ለጓደኛዬ አወረሱት። ሌሎቻችን ክር ስንደበድብ እሱ ይዳስስ ነበር። «ጊታር መዝሙሩን አይቀድምም፣ ከኋላ ይከተላል» ይለን ነበር።

ፒክ፣ ማለት የክር መምቻ፣ ገዝቶ አያውቅም። ሲም ካርድ ተነቅሎ የሚወጣበትን ፕላስቲክ በመቀስ ይቆርጥና ጫፉን ሲሚንቶ ላይ ፈግፍጎ ያለሰልሰው ነበር። ኪሱ ሁልጊዜ በእነሱ የተሞላ ነው። ሲቃኝ ጆሮውን ከጊታሩ ጎን ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ስልክ ላይ መቃኛ ከመጣ በኋላም አልተወውም። በትዝታ ቅኝት ችክችካውን ሲጀምር እናቶች ዘማሪው አፉን ሳይከፍት እልል ይሉ ነበር።

እኔ ከጌታ ቤት ወጣሁ። ረጅም ነው፣ አላስረዝመውም። ክለብ ውስጥ ባስ መምታት ጀመርኩ፣ ገንዘቡ ጥሩ ነበር። ከዚያ ከሰዓት በኋላ በርጫ፣ ማታ ጨብሲ። ያለ ጫት አልነቃም፣ ያለ መጠጥ አልተኛም። መጨረሻ ላይ ባስ ጊታሬን ሸጬ ቃምኩበት። እህቴ ከቤቷ አስወጣችኝ፣ ልክ ነበረች።

በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ኮተቤ በተከራየኋት አንዲት ክፍል፣ ጓደኛዬ ጊታሩን አንግቦ መጣ። ምርቃና ላይ ነበርኩ። ሂድልኝ አልኩት። ሰደብኩት። አልመለሰልኝም። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቃኘና መጫወት ጀመረ። መዝሙር አልነበረም። የባቲ ቅኝት ነበር፣ ያለ ቃል። ቀስ እያለ፣ እያቆመ፣ እንደገና እየጀመረ። ስንት ሰዓት እንደተጫወተ አላውቅም። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ተኛሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሳልጠጣ የተኛሁበት የመጀመሪያ ሌሊት ነው። ዳዊት በገና ሲመታ ሳኦል ያርፍ እንደነበር ሳነብ ያ ደጃፍ ነው ዛሬም የሚታየኝ።

ጠዋት ስነሳ እዚያው አለ። ጊታሩን አቅፎ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ተኝቷል። ቀስቅሼው «ጸልይልኝ» አልኩት። እጁን ጭኖ ጸለየልኝ። በዚያ ሰዓት ሰንሰለቴ ተበጠሰ።

ይህን ስል ግን እውነቱን ሁሉ ልናገር። ስቃይ አልቀረልኝም። የቃመ ሰው ዱካክን ያውቀዋል። ስታቆም ሌሊት እየመጣ ደረትህ ላይ የሚቀመጥ ቅዠት ነው። ዘጠኝ ሌሊት መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ አብሮኝ አደረ። ስጮህ ይነሳል፣ ይጸልያል፣ ውኃ ይሰጠኛል። በአሥረኛው ቀን ሲሄድ «ማታ ማታ እደውልልሃለሁ» አለኝ።

ደወለ። በየቀኑ፣ ማታ 3 ሰዓት። ሰዓቱን የመረጠው አውቆ ነው፤ የጨብሲ ሰዓት ነው፣ ሰው የሚሸነፍበት። ሰላምታ የለም፣ ስብከት የለም። አንድ ቃል ብቻ፦ «ዛሬስ?» እኔም «ዛሬም የለም» እላለሁ። «ተመስገን» ይልና ይዘጋል። ሁለት ጊዜ «ዛሬ ወድቄያለሁ» ብዬዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በሬ ላይ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ኩላሊቱ እንደማይሠራ ታወቀ። ደም ግፊት ነበረበት፣ ሳያውቀው ውስጥ ውስጡን ጨርሶታል። በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት፣ በእያንዳንዱ እጥበት አራት አራት ሰዓት። ለእጥበቱ ደም መልስና ደም ቅዳ የሚባሉትን ሥሮች ክንድ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ያገናኛሉ፣ ፊስቱላ ይባላል። የሚመረጠው ብዙ የማንሠራበት እጅ ነው፣ ለአብዛኛው ሰው ግራው። ለጊታሪስት ግን ግራ እጅ ኮርድ የሚይዘው እጅ ነው። ሐኪሙ ሲነግሩት አብሬው ነበርኩ። ግራ እጁን ገልብጦ አየው፣ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ያለውን የክር ጠባሳ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ከዚያ «እሺ» አለ።

ቁስሉ ከደረቀ በኋላ አንድ ቀን ጣቴን ይዞ ክንዱ ላይ አስቀመጠው። ቆዳው ሥር ደሙ ይንዘራል። «ስማው» አለኝ። «ይሄ ያንተ ክር ነው። ባስ ነው።»

በጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። የኔን ውሰዱ አልኩ። ሰጪው የሥጋ ዘመድ መሆን አለበት ተባልኩ። ያን ቀን ወንድሜ ብዬ ስጠራው የኖርኩት ሰው በወረቀት ወንድሜ እንዳልሆነ ሲነገረኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዘመዶቹም የሚሆን አልተገኘም።

ስለዚህ ጸለይን። ጉባኤው ሁሉ። እኔ የመሰለኝ፣ ጌታ እኔን ያን ያህል ካወጣኝ እሱን ለመፈወስ ምን ያቅተዋል? አንድ ማታ ከእጥበት ሲወጣ ደግፌው «አንተ አትፈራም?» አልኩት። «እፈራለሁ እንጂ» አለ። ትንሽ ሄድን። «ከሞቱ ይልቅ 3 ሰዓት ላይ ማን እንደሚደውልልህ ሳስብ እፈራለሁ።» ያን ዕለት ማታም ደወለ፣ ድምፁ በጭንቅ እየወጣ።

2015 ዓ.ም. ጥር ውስጥ፣ ማክሰኞ ጠዋት አረፈ።

ለቅሶው ላይ አንድ ሰው «እምነት ስላነሰ ነው» ሲል ሰማሁ። ወገኖቼ፣ እባካችሁ ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ይህን አትበሉ። በዚያ ድንኳን ውስጥ የተቀመጡ እናት ለሦስት ዓመት ከጉልበታቸው አልተነሱም። ዳዊትም ለልጁ ሰባት ቀን መሬት ላይ ወድቆ ለምኖ ልጁ ሞቷል። ዳዊት እምነት አነሰው የሚል ይኖራል?

ግን ያ ቃል እኔንም ወጋኝ። በሠልስቱ ማታ ከድንኳኑ ወጥቼ ብቻዬን መሄድ ጀመርኩ። ታክሲ መያዣው ጋ አምፖል የበራባት ጫት ቤት አለች። ለስምንት ዓመት በተቃራኒው መንገድ ስሄድ ነው ያለፍኳት። ያን ማታ ቆምኩ። ልጁ ከእርጥቡ የኮባ ቅጠል ሥር አንድ እስር አውጥቶ በጥቁር ፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። ከፈልኩ። ሽታው አፌን በምራቅ ሞላው።

ትንሽ ሄድ ብዬ ግንብ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን አየሁ። ለ3 ሰዓት ሁለት ደቂቃ ይቀራል። ያኔ ጸለይኩ፣ ጸሎት ከተባለ። «ጌታ ሆይ፣ ከእንግዲህ ማን ይጠይቀኛል?» አልኩ። ሌላ ቃል አልነበረኝም።

ስልኬ ጠራ። የእሱ ስም ነበር የወጣው።

እጄ ተንቀጠቀጠ። አነሳሁት። ለረጅም ጊዜ የሚያለቅስ ሰው ትንፋሽ ብቻ ሰማሁ። ከዚያ የእናቱ ድምፅ፦ «ልጄ... ዛሬስ?»

በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሊያርፍ ሳምንት ሲቀረው ስልኩን ሰጥቷቸዋል። «እማዬ፣ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ደውይለት። ዛሬስ ብቻ በይው፣ ሌላ ነገር አትበይ» ብሏቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ማታዎች አቅም አጥተው አልደወሉም። በሦስተኛው ተነሱ። በዚያች ደቂቃ።

«እማማ» አልኩ፣ «ገዝቼ ይዣለሁ።»

ዝም አሉ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። «በል ይዘኸው ና» አሉኝ።

ተመልሼ ሄድኩ። ሴቶቹ ከድንኳኑ ጀርባ ለእንግዳ ቡና ውኃ ጥደው ነበር፣ በትልቅ ድስት፣ በእንጨት። እማማ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ወጡ። ፌስታሉን ከእጄ ተቀበሉ። አልፈቱትም፣ ምን እንዳለበትም አላዩም። ጎንበስ ብለው ከድስቱ ሥር እሳቱ ውስጥ ከተቱት። እርጥብ ስለነበር ብዙ ጨሰ። ዓይናችን እስኪያነባ እዚያው ቆምን። ከዚያ አንድ ስኒ ቡና በእጃቸው ቀድተው ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲህ አልወደቅሁም። ክብሩ ለጌታ ይሁን።

ለምን እሱን ወስዶ እኔን እንዳስቀረ ጌታን ጠይቄዋለሁ፣ ዛሬም እጠይቀዋለሁ። መልስ የለኝም። ግን ጓደኛዬ በእጥበት ወንበር ላይ ሆኖ ሲለምን የነበረውን አውቃለሁ። እሱ የለመነው ተሰምቷል። በሱ ጸሎት የቆምኩ ሰው ነኝ።

ጊታሩ እማማ ቤት ነው። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ጎራ እላለሁ። «ቃኝልኝ» ይሉኛል። እቃኛለሁ፣ ጆሮዬን ጎኑ ላይ ለጥፌ። ቦርሳው ኪስ ውስጥ ከሲም ካርድ ፕላስቲክ የተቆረጡ ሰባት ፒኮች አሉ። አንዱን እጠቀምበታለሁ፣ ሌሎቹን አልነካም። እማማ የሚወዱት ባቲውን ነው።

ማታ ማታ አሁንም በእሱ ስልክ ይደውላሉ። ስሙን አልቀየርኩትም። ኔትወርክ ሲጠፋ እኔ እሞክራለሁ፣ እስኪገባ ድረስ። ትናንት አሥር ደቂቃ ዘግይተው ደወሉ፣ እንቅልፍ ወስዷቸው ኖሯል።

«ልጄ፣ ዛሬስ?»

«ዛሬም የለም፣ እማማ።»

«ተመስገን። በል ደህና እደር።»