ስምንት አንበሳ፣ ሁለት ሚዛን

ባለፈው ዓመት ለስምንተኛ ክፍሎች ፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት) ሳስጀምር ነው። የአንድ ብር ሳንቲም ይዤ ገባሁ። በአንድ በኩል አንበሳ፣ በሌላው ሚዛን። «ሁለቱም የመውጣት ዕድላቸው እኩል ነው» ብዬ ሰሌዳው ላይ 1/2 ጻፍኩ። ቀጥዬም «ስለዚህ 10 ጊዜ ብትወረውሩ 5 ጊዜ አንበሳ ይወጣል» አልኩ። ጣጣውን ያመጣችው ይቺ ናት።

አርባዎቹም ሳንቲም እየተቀባበሉ አሥር አሥር ጊዜ ወረወሩ። ክፍሉ ተቀወጠ። እየዞርኩ ሳይ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ደብተሯ ላይ 8 አንበሳ፣ 2 ሚዛን ጽፋለች። አጠገቧ ያለው ልጅ «ቲቸር፣ አጭበርብራ ነው!» አለ። እኔም ሳላስብ «እስቲ እንደገና ወርውሪ» አልኳት። ምንም አልመለሰችም። በላጲስ ስታጠፋው ወረቀቱ ተቀደደ። ትንሽ ቆይቼ ስመለስ 5 እና 5 ብላ ጽፋለች። ስትወረውር ያየኋት ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ያ ነገር ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ሳንቲም 10 ጊዜ ሲወረወር፣ ቅደም ተከተሉም ከተቆጠረ፣ 1,024 ዓይነት አወጣጥ አለ። ከነዚህ ልክ 5 አንበሳ ያለባቸው 252 ናቸው። ሩብ እንኳ አይሞሉም! 8 አንበሳ ያለባቸው ደግሞ 45 ናቸው። ከ40 ተማሪ አንድ ሁለቱ ላይ ቢደርስ ምን ይገርማል? ልጅቷ ያየችውን በሐቅ ጽፋ ነበር። መጽሐፉን እንዲመስል ብላ እንድትዋሽ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ክፍሉ ፊት «ትናንት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ እንደገና ወረወሩ። አሁን ግን የሁሉንም ሰሌዳው ላይ እየደመርን ሄድን። ከ30 ውርወራ 18 አንበሳ። ከ100 46። ከ200 106። ከ400 207። መጀመሪያ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል የነበረው ቁጥር ውርወራው ሲበዛ ወደ ግማሽ እየተጠጋ መጣ። ልክ 5 የወጣላቸው 9 ልጆች ብቻ ናቸው። አንዱ እንዲያውም 2 ነው የወጣለት፤ ማንም አጭበረበርክ አላለውም።

ተራዋ ሲደርስ ያቺ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የኔ 6 ነው። ልጻፈው?»

«ጻፊው» አልኳት። በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ ጻፈችው።