ራሱ የተገለበጠ መኪና፦ ታዲያ ማንን እንከሳለን?

«ከማንም ጋር አልተጋጨም እኮ፤ ራሱ ነው የተገለበጠው። ማንን ልትከሱ ነው?»

ጋሼ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ይህን ያላለን ሰው የለም። ጎረቤቱም፣ የመሥሪያ ቤት ሰውም እንዲሁ። ጋሼ ራሳቸው እንኳ «የእግዜር ነገር ነው፤ ተይው የኔ ልጅ» ነበር ያሉኝ።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ የታወቁ አናጺ። በ2013 ግንቦት ወደ ሸዋ ሮቢት ሲሄዱ የተሳፈሩበት ቅጥቅጥ ጣርማበርን አልፎ ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። ሰው ሞቶበታል። የጋሼ ቀኝ ትከሻና ጭናቸው ተሰበረ። ጉም ነበር። 24 መቀመጫ ላይ 37 ሰው ተጭኖ ነበር። ሹፌሩ ለፖሊስ የሰጠው ቃል ግን አንድ ነው፦ «ጎማ ፈነዳብኝ»።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ግን የጋሼን ፋይል ይዤ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ያየሁትን ልጻፍ፤ ተመሳሳይ ነገር የገጠመው ሰው ያነበዋል።

መጀመሪያ የቀለለውን። ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ጋሼ በተጎዱበት ጊዜ ይሠራ የነበረው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። ለድንገተኛ ሕክምና እስከ 2,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት ደግሞ እስከ 40,000 ብር ያስከፍል ነበር። የእናንተን ስትጠይቁ አደጋው በደረሰበት ቀን የነበረውን ጣሪያ አረጋግጡ። መኪናው መድን ከሌለው ወይም ገጭቶ ካመለጠ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ብዙ ሰው ታዲያ ኢንሹራንሱ የከፈለውን ተቀብሎ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ከዚያ በላይ ያለውን ጉዳት ባለመኪናውን መጠየቅ ይቻላል።

ባለመኪናውም ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው ሽማግሌ ይዞ የሚመጣው።

እኛ ጋ የመጡት ጋሼ ገና ብረት ሳይገባላቸው ነው። ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ ካርቶን ጁስ፣ በፖስታ የታሸገ ብር። በጣም ትሑት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው እንባ ተናንቆት ነበር። ከብሩ ጋር ግን አንድ ወረቀት አለ። የመጨረሻው መስመር «ከዚህ በኋላ በፍትሐ ብሔርም ሆነ በሌላ መንገድ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም» ይላል። ጋሼ እስክሪብቶ እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ ቀኝ እጅዎ እኮ አይሠራም፤ ሲሻልዎት ይፈርማሉ» አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እኔ አልሳቅኩም። በሕጋችን በእርቅ የተቋጨ ነገር እንደ መጨረሻ ፍርድ ነው የሚቆጠረው፤ ይግባኝ የለውም። እርቁን አልጠላም። ግን የጉዳቱ መጠን ሳይታወቅ ምኑ ላይ ነው የሚታረቁት? ለሕክምና የሚሰጥ ብር ካለ «ለሕክምና ወጪ የተሰጠ» ተብሎ ይጻፍና ይፈረም። ከዚያ ያለፈው ይቆይ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የመገልበጥ አደጋ ላይ ነገሩን የሚወስነው ሌላ መኪና መኖሩ አይደለም። እርስዎ በዚያ ሰዓት ምን ነበሩ? እሱ ነው።

መንገድ ዳር ቆመው መኪናው የተገለበጠብዎ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ጥፋት ኖረም አልኖረም። አንቀጽ 2086 ደግሞ ማምለጫውን ይዘጋዋል፦ «ጥፋት የለብኝም»፣ «ምክንያቱ አልታወቀም»፣ «ከአቅሜ በላይ ነው» ማለት አያድነውም። የሚቀንስለት የተጎጂው ጥፋት ብቻ ነው። ጎማ ፈነዳ የሚለው ታሪክ እዚህ ጋ ዋጋ የለውም።

በነጻ የተሳፈረ ሰው ግን ሌላ ነው። ባለመኪናው ምንም ሳይጠቀም ሊፍት ከሰጠዎት ጥፋት መኖሩን ማስረዳት የእርስዎ ፋንታ ይሆናል።

ከፍሎ የተሳፈረ ሰው ጉዳይ ወደ ንግድ ሕጉ የማጓጓዣ ውል ይሄዳል። አጓጓዡ ተሳፋሪውን በደህና ማድረስ አለበት፤ እሰየው። ግን አንቀጽ 597 ላይ አንድ ክፉ ቁጥር ተቀምጣለች፦ 40,000 ብር። ይህ ሕግ የወጣው በንጉሡ ዘመን፣ በ1952 ነው። ያኔ 40,000 ብር ቤት ያሠራ ነበር። ዛሬ የጭን ብረት አውጥቶ ለመመለስም አይበቃ። መውጫው አንቀጽ 599 ነው፦ ሹፌሩ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ በግዴለሽነት ያደረገው መሆኑ ከተረጋገጠ ጣሪያው ይነሳል።

የባለመኪናው ጠበቃ ሁለቱንም ሞከረን። ጋሼ የተሳፈሩት ከመናኸሪያ ውጪ፣ ከመንገድ ላይ ስለነበር ትኬት የላቸውም። «በሊፍት ነው የተሳፈረው» አለ። አጠገባቸው የነበረች ሴትዮ ቀርባ ጋሼ ለረዳቱ ሲከፍሉ፣ መልስም ሲከራከሩ ማየቷን መሰከረች። ወዲያው ዞረና «ከከፈለማ ጣሪያው 40,000 ነው» አለ። ዓይኑን ጨፍኖ አይደለም፤ ሥራውን ነው የሠራው።

ያዳነን የዚያች ሴትዮ ቃል ነው። ዳኛው «ከመገልበጡ በፊት ምን ተፈጠረ?» ብለው ጠየቋት። «ሰው ሁሉ ጮኸ እኮ ጌታዬ። ቀስ በል፣ ልጆች አሉን አልነው። ካልተመቻችሁ ውረዱ አለን።» በቃ። «እያወቀ» የሚለውን ቃል ከዚህ በላይ ምን ያስረዳዋል? በዚያ ላይ የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን (የአደጋው ንድፍ) የፍሬኑን ጭረት ያሳያል፤ ሪፖርቱ የትርፍ ሰዉን ቁጥር ይዟል። ጣሪያው ተነሳ።

ስለዚህ ምስክር ያዙ። አብረው የተሳፈሩ ሰዎች በማግስቱ ይበተናሉ። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ስልክ ተቀበሉ፤ ቆይቶ ማንም አያገኛቸውም። የፕላኑንና የሪፖርቱን ኮፒ በጽሑፍ ጠይቁ። ሹፌሩ በወንጀል ነጻ ቢወጣ እንኳ ተስፋ አትቁረጡ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ችሎቱ በዚያ አይታሰርም። የወንጀሉን መዝገብ መጨረሻ ሲጠብቁ ጊዜው ያለፈባቸው ሰዎች ግን አይቻለሁ። ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ በመደበኛው ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ነው።

ካሳው እንዴት ይሰላል? ሜዲካል ቦርድ (የሐኪሞች ቡድን) የቋሚ ጉዳቱን በመቶኛ ይሰጣል። ያ መቶኛ በገቢዎና ሊሠሩ በሚችሉት ቀሪ ዘመን ይባዛል። ገቢ! እዚህ ጋ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አፈርኩም፣ ሳቅኩም። ጋሼ ያኔ በቀን ገቢ ግምት የሚከፍሉ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ ነበሩ። ለገቢዎች የተነገረው የቀን ገቢና ለፍርድ ቤት ያቀረብነው የቀን ገቢ አይተዋወቁም። ጠበቃው የግብር ወረቀቷን አውጥቶ ለዳኛው ሲያቀብል ጋሼ ጣሪያ ጣሪያ ማየት ጀመሩ። ያሠሯቸው ሰዎች ቀርበው ቢመሰክሩም ፍርድ ቤቱ መሐል ላይ ነው የቆረጠው። በግብር ያተረፏት በካሳ ሄደች። የሞራል ካሳ ደግሞ አትጠይቁኝ፤ የሕጉ ጣሪያ 1,000 ብር ነው። አዎ፣ አንድ ሺህ።

ዳኝነት (የፍርድ ቤት ክፍያ) መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፤ የእኛን ክስ የጻፉልን እነሱ ናቸው።

አንድ ሌላ ጣጣ አለ፦ ሊብሬ፣ የመኪናው የባለቤትነት ደብተር። ሽማግሌ ይዞ የመጣው ሰውዬ ሊብሬው ላይ የለም። መኪናዋ በውክልና ሁለት ሰው ተሻግራለች፤ ሊብሬው አሁንም በመጀመሪያው ስም ነው። ሁለቱንም ከሰስናቸው። ቶሎ ብለንም መኪናዋ ላይ እግድ አወጣን። የተገለበጠ መኪና ቆርቆሮ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ሞተሩና ሻንሲው ይሸጣል። ሙሉ ኢንሹራንስ ካለው ደግሞ ለባለቤቱ የሚከፈለው ብር አለ፤ እግዱ እሱንም ይጨምር ብላችሁ አመልክቱ። ፍርድ ይዞ የሚነጠቅ ንብረት ማጣት ከመሸነፍ አይሻልም።

ረዳቱን ሳልጠቅስ ብቀር ቅር ይለኛል። ገና ልጅ ነው፤ በር ላይ ቆሞ ነበርና እግሩ ተጨፈለቀ። ሁሉም ከሹፌሩ ጋር ደምሮ ይረግመው ነበር። እሱ ግን ተሳፋሪ አይደለም፤ ሠራተኛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ላይ ጉዳት እንዲከፍል ያስገድደዋል። የጽሑፍ ውል የግድ አይደለም። ለሠራተኛው ዳኝነትም አይከፈልም። ይርጋው ግን አጭር ነው፤ አንድ ዓመት። ባለመኪናው «የእህቴ ልጅ ነው፤ ለመዝናናት ነው አብሮ የሚሄደው» ብሎ ካደ። የመናኸሪያው ተራ አስከባሪዎች መጥተው ልጁ በየቀኑ ሒሳብ ሲሰበስብና ማታ ሲያስረክብ እንደሚያዩት መሰከሩ። ልጁ ከጋሼ ቀድሞ ነው ካሳውን የተቀበለው።