ከምዕራብ ካንሳስ ሜዳ ወደ ኮሌጅ ቡድን፦ በልጄ ምልመላ እስካሁን የደረስንበት

ይህን ማስታወሻ የማካፍለው በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች፣ በተለይም በስጋ ፋብሪካዎች ዙሪያ ኑሯቸውን ለመሠረቱና ልጆቻቸው ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ለሚጫወቱላቸው ወገኖቼ ነው። የምንኖረው ጋርደን ሲቲ፣ ዶጅ ሲቲና ሊበራል በሚገኙበት በደቡብ ምዕራብ ካንሳስ ነው። ልጄ የግራ መስመር ተከላካይ ሲሆን አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ይገኛል፤ የመጨረሻው የትምህርት ቤት ውድድሩም ባለፈው ጥቅምት ተጠናቋል። የኮሌጅ ምልመላን፣ ማለትም የኮሌጅ ቡድኖች ተጫዋች የሚመርጡበትን ጉዳይ መከታተል የጀመርኩት እርሱ አሥረኛ ክፍል ሳለ ነው። እስካሁን ከተረዳሁት ሁሉ ዋናው፣ ከትልቅ ከተማ ርቆ ለሚጫወት ልጅ የትምህርት ማስረጃው ከኳሱ ቀድሞ መስተካከል እንዳለበት ነው፤ ችሎታን በቪዲዮ ማሳየት ይቻላል፣ ያልተቆጠረ ኮርስን ግን ምንም ቪዲዮ አይተካውም።

በመጀመሪያ የአካባቢውን ሁኔታ ላስረዳ። በካንሳስ ግዛት በትልቁ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር በኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ከፍተኛ እርከን፣ በዲቪዚዮን አንድ፣ የሚወዳደሩት ሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ማለትም የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲና የዊቺታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳቸውም የወንዶች እግር ኳስ ቡድን የላቸውም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያላቸው የሴቶች ቡድን ብቻ ነው። ይህ ለልጄ መራር ዜና ነበር፤ ይሁን እንጂ ቀድሞ ማወቁ ከብዙ ከንቱ ድካም አድኖናል። ስፖርቲንግ ካንሳስ ሲቲ የተባለው የፕሮፌሽናል ክለብ የወጣቶች አካዳሚ ከእኛ ስድስት ሰዓት ያህል ያስነዳል፤ ጠንካራ ክለቦች አሉባት የምትባለው ዊቺታም ብትሆን ከሦስት ሰዓት በላይ ትርቃለች። የኮሌጅ አሰልጣኞች በአንድ ቦታ ተሰብስበው ብዙ ተጫዋቾችን የሚመለከቱት እንደ ኤም.ኤል.ኤስ. ኔክስት ባሉ የወጣቶች የክለብ ውድድሮች ላይ ስለሆነ፣ በአምስት ትምህርት ቤቶች መካከል በሚደረግ የምዕራብ ካንሳስ ውድድር ላይ ማስታወሻ ይዞ የሚቀመጥ መልማይ መጠበቅ ዋጋ የለውም። በሁለተኛ ሽፍት የሚሠራ አባት ደግሞ ልጁን በየሳምንቱ ዊቺታ ማመላለስ አይችልም። ስለዚህ ልጄ ከትምህርት ቤቱ ቡድን ሌላ የተጫወተው በሰኔና በሐምሌ፣ የሜክሲኮና የጓቲማላ ተወላጆች እሑድ እሑድ በሚያካሂዱት የአዋቂዎች ሊግ ብቻ ነው። በእኔ ግምት ከሁሉ የጠቀመው ያ ሊግ ነው፤ ጎልማሶቹ በጉልበት ስለሚበልጡት ኳሱን ሳያዘገይ ማቀበልን የተማረው እዚያ ነው።

ዲቪዚዮን አንድ በአካባቢው ከሌለ ምን አለ? በጣም ብዙ ነገር አለ። ፎርት ሄይስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በቀጣዩ እርከን፣ በዲቪዚዮን ሁለት፣ የወንዶች ቡድን አለው፤ ዊቺታ የሚገኘው የኒውማን ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። ኤን.ኤ.አይ.ኤ. በተባለ ሌላ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ሥር የሚወዳደሩ እንደ ቤታኒ፣ ማክፈርሰን፣ ስተርሊንግ፣ ታቦርና ካንሳስ ዌስሊያን ያሉ ትንንሽ የግል ኮሌጆች በግዛቱ መካከለኛ ክፍል ተሰባጥረው ይገኛሉ። ጁኮ የሚባሉት የሁለት ዓመት ኮሌጆች ደግሞ በራችን ላይ ናቸው፤ ጋርደን ሲቲ፣ ዶጅ ሲቲና ባርተን ሁሉም ቡድን አላቸው። ሆኖም ትንሽ ኮሌጅ ማለት ቀላል ቡድን ማለት አይደለም። በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ ከብራዚል፣ ከእንግሊዝ፣ ከስፔንና ከአፍሪካ አገሮች የመጡ ተጫዋቾች በብዛት ይገኛሉ፤ የአሥራ ስምንት ዓመት የካንሳስ ልጅ ለአንድ ቦታ የሚፎካከረው በአገሩ አካዳሚ ካደገ የሃያ ዓመት ወጣት ጋር ሊሆን ይችላል። ይህን ለልጁ በግልጽ መንገር የወላጅ ፋንታ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ትምህርት ማስረጃው ልግባ፤ ምክንያቱም ከአገር ቤት ለመጡ ልጆች አስቸጋሪው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. አንድ ተማሪ በአንደኛ ዓመት ለመጫወት 16 ኮር ኮርሶችን፣ ማለትም ለብቁነት የሚቆጠሩ ዋና ዋና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶችን፣ እንዲያጠናቅቅ ይጠይቃል፤ በእነዚህ ኮርሶች የሚያስፈልገው አማካይ ውጤት ከ4.0 ለዲቪዚዮን አንድ 2.3፣ ለዲቪዚዮን ሁለት 2.2 ነው። የኤስ.ኤ.ቲ. ወይም የኤ.ሲ.ቲ. የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ከ2023 ጀምሮ ለዚህ ብቁነት ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። ዲቪዚዮን አንድ ከ16ቱ ውስጥ 10ሩ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት ከመጀመሩ በፊት እንዲያልቁ ይፈልጋል። እስካሁን ያለው ግልጽ ነው። ችግሩ የሚመጣው ኮርስ ሁሉ ኮር አለመሆኑ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የጸደቀ የኮርስ ዝርዝር አለው፣ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ትምህርት ውጤቱ ምንም ያህል ቢያምር አይቆጠርም። አዲስ ለመጡ ልጆች የሚሰጠው የጀማሪዎች የእንግሊዝኛ ድጋፍ ትምህርት ከእንግሊዝኛ ኮር አይገባም። ዲቪዚዮን አንድ የአራት ዓመት፣ ዲቪዚዮን ሁለት የሦስት ዓመት እንግሊዝኛ ስለሚጠይቁ፣ ልጁ ከድጋፍ ክፍሉ ወደ መደበኛው የሚሸጋገርበት ጊዜ ወሳኝ ይሆናል። ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ዝርዝሩን በኮምፒውተር ከፍተን አንድ በአንድ ስናመሳክር የዋልንበት ቀን፣ ከየትኛውም ጨዋታ በላይ ለልጄ ጠቅሞታል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ነገር የጊዜ አቆጣጠሩ ነው። ልጄ በዲቪ ስንመጣ ደሴ ላይ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሶ ነበር፤ እዚህ ሲመዘገብ ግን ቋንቋውን እንዲያጠናክር ተብሎ እንደገና ዘጠነኛ ክፍል ገባ። ለትምህርቱ መልካም ውሳኔ ነበር። ነገር ግን ዲቪዚዮን አንድ ኮር ኮርሶችን የሚቆጥረው ዘጠነኛ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ከተጀመረበት ዕለት አንሥቶ ባሉት አራት ዓመታት ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ደግሞ ካንሳስ ሳይሆን ደሴ ላይ የዋለው ነው። በዚህ ስሌት የዘንድሮው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቱ ለዲቪዚዮን አንድ ከጊዜው ውጭ ይወድቃል። ዲቪዚዮን ሁለት ግን ተማሪው ኮሌጅ በሙሉ ጊዜ እስኪመዘገብ ድረስ የተማረውን ይቀበላል፤ ኤን.ኤ.አይ.ኤ. የራሱ የብቁነት መስፈርት አለው፤ በጁኮ በኩል የሚሄድ ደግሞ በሁለት ዓመት ዲግሪው ተመርቆ፣ የሚተላለፉ ክሬዲቶቹንም አሟልቶ፣ በ2.5 አማካይ ውጤት በኋላ ወደ ዲቪዚዮን አንድ መሸጋገር ይችላል። እንግዲህ የትኞቹን አሰልጣኞች ማነጋገር እንዳለብን የወሰነው ከልጄ እግር ይልቅ የቀን መቁጠሪያው ነው ማለት ይቻላል። የደሴውን ውጤት ለማስገባትም ካርዱና መሸኛው ብቻ በቂ ስላልነበሩ፣ እህቴ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዳ ማኅተም ያረፈበት ትራንስክሪፕት አውጥታ ልካልናለች። ይህን ገና ከአገር ስትነሡ ይዛችሁ ብትመጡ ብዙ ውጣ ውረድ ይቀርላችኋል።

ቪዲዮውን በተመለከተ፣ ጨዋታዎቹ በአብዛኛው ማክሰኞና ሐሙስ ስለሚውሉና እኔ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ስለምሆን፣ የቀረጸችው ባለቤቴ ናት። የምዕራብ ካንሳስ ንፋስ የካሜራ ማቆሚያ ስለሚጥል፣ ከተመልካች መቀመጫው የላይኛው ረድፍ ብረት ጋር በገመድ ማሰር ግድ ነው። ለተከላካይ ሲቀረጽ ኳሱን ብቻ አጉልቶ መከተል አይጠቅምም፤ አሰልጣኙ ማየት የሚፈልገው ኳሱ በቀኝ በኩል እያለ የግራ ተከላካዩ የት እንደቆመ፣ መስመሩን ጠብቆ ወደ መሐል ጠበብ ማለቱንና አለማለቱን ስለሆነ፣ ምስሉ አራቱንም ተከላካዮች እንዲይዝ ሰፋ ተደርጎ መቀረጽ አለበት። ለመላክ ያዘጋጀነው ቅንብር አራት ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ ስሙ፣ የሚመረቅበት ዓመት፣ ቁመቱና የሚጫወትበት እግር ተጽፏል። ቀጥሎ አንድ ለአንድ የተከላከለባቸው፣ ተሸውዶ ተመልሶ የደረሰባቸው፣ በጫና ውስጥ ሆኖ ኳስ ያወጣባቸውና ያሻማባቸው ቅጽበቶች ይከተላሉ፤ እያንዳንዱ ሲጀምር ልጁ በክብ ምልክት ይታያል። ተሸውዶ የተመለሰበትን ለማስገባት ልጄ አልወደደም ነበር፤ ይሁንና አንድ የኤን.ኤ.አይ.ኤ. አሰልጣኝ አንሥቶ የጠየቀው ያንኑ ነው። ባለቤቴ በዳኞች ላይ ያወረደችው አማርኛ ሁሉ አብሮ ስለተቀዳ ግን ድምፁን አጥፍተን ነው የላክነው። ከቅንብሩ ጎን ያልተቆራረጠ ሙሉ ጨዋታ ማዘጋጀትም ያስፈልጋል፤ ከልቡ የፈለገ አሰልጣኝ ሁለተኛው መልእክቱ ላይ የሚጠይቀው እርሱን ነውና።

ደብዳቤዎቹን የጻፈው ራሱ ልጁ ነው። «አባዬ፣ በአንተ ስም ብንልከው አይሻልም?» ብሎኝ ነበር፤ አሰልጣኞች ግን ከወላጅ ይልቅ ከተጫዋቹ መስማት ይመርጣሉ። ደብዳቤው አጭር ሆኖ የአሰልጣኙን ስም፣ ልጁ ያን ኮሌጅ የመረጠበትን ምክንያት፣ ሊማር የሚፈልገውን ትምህርት፣ የኮር ውጤቱን፣ የቪዲዮውን ማስፈንጠሪያና የቀጣይ ጨዋታዎችን ሰሌዳ ይዟል። የዲቪዚዮን አንድና ሁለት አሰልጣኞች ከአሥረኛ ክፍል ቀጥሎ ካለው ጁን 15 በፊት በግል ሊመልሱ ስለማይፈቀድላቸው፣ ቀደም ብሎ ለጻፈ ልጅ ዝምታ እምቢታ አይደለም። የኤን.ኤ.አይ.ኤ.ና የጁኮ አሰልጣኞች ይህ ገደብ ስለሌለባቸው በፍጥነት ይመልሳሉ። የማሳያ ካምፕ ጥሪዎች በኢሜይል ይጎርፋሉ፤ አብዛኞቹ ለሁሉም የሚላኩና የሚከፈልባቸው በመሆናቸው፣ ቪዲዮውን ማየቱን በሚያሳይ ቃል የጻፈ አሰልጣኝ ካልሆነ በቀር አንሄድም ብለን ወስነናል። በክፍያ እናስመለምላለን ለሚሉ ድርጅቶችም ገንዘብ አላወጣንም፤ እነርሱ የሚሠሩትን አንድ ትጉህ ልጅ ከማታ ጥናቱ በኋላ ይሠራዋል።

በሴቶች በኩል አንድ ነገር ልጨምር፤ ትንሿ ልጄም ኳስ ጀምራለችና። በካንሳስ ወንዶች የሚጫወቱት ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ጥቅምት ሲሆን ሴቶች ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ስለዚህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሴቶች ውድድር የሚደረገው ብዙዎቹ ቡድኖች ቦታቸውን ሞልተው ከጨረሱ በኋላ ነው፤ ለእርሷ ቪዲዮው የአሥረኛና የአሥራ አንደኛ ክፍል ሥራ ነው ማለት ነው።

በአሁኑ ሰዓት ልጄ ከአንድ የጁኮና ከአንድ የኤን.ኤ.አይ.ኤ. ኮሌጅ የቃል ግብዣ አለው። ስኮላርሺፕ ሲባል ብዙዎቻችን ሙሉ ወጪ ይመስለናል፤ በእግር ኳስ ግን በአብዛኛው ተከፋፍሎ የሚሰጥ ነው። ኤን.ኤ.አይ.ኤ. ለአንድ ቡድን የሚፈቅደው የ12 ሙሉ ስኮላርሺፕ ያህል ሲሆን፣ ይህ ለሠላሳ ገደማ ተጫዋቾች ሊደርስ ይችላል። በዲቪዚዮን አንድም ከ2025 ጀምሮ ኮሌጆች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ በፈቀደው የፍርድ ቤት ስምምነት የታቀፉ ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ጣሪያቸው ቢነሣም፣ ቡድናቸው ከ28 ተጫዋች እንዳይበልጥ ተገድቧል። ስለዚህ የምናነጻጽረው የስኮላርሺፑን መጠን ሳይሆን ከቀረው ላይ ከኪሳችን የሚወጣውን ነው። ግሪን ካርድ ያለው ተማሪ ፋፍሳ የተባለውን የእርዳታ ማመልከቻ ሞልቶ የመንግሥት እርዳታ ማግኘት ይችላል፤ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ተማሪዎች የሚሰጠው የማይመለስ እርዳታ፣ የፔል ግራንት፣ ከፍተኛው መጠን በ2025–26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነው። የግሉ ኮሌጅ የትምህርት ዋጋ ትልቅ በመሆኑ ስኮላርሺፕ ከሰጠን በኋላም የሚቀረው ከጁኮው ይበልጣል፤ በሌላ በኩል አራቱን ዓመት በአንድ ቦታ ያስጨርሳል። ቀድሞ ተጫዋቾች ይፈርሙበት የነበረው የብሔራዊ ቃል ኪዳን ደብዳቤ በ2024 ስለቀረ፣ አሁን የሚያስረው የኮሌጁ የገንዘብ እርዳታ ስምምነት ነው። ስለዚህ ለሁለቱም አሰልጣኞች ልጄ እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ ልኳል፦ ስኮላርሺፑ በየዓመቱ የሚታደሰው በምን መስፈርት ነው፣ ጉዳት ቢደርስበትስ ይቀጥላል ወይ፣ የመጀመሪያ ዓመቱን ሳይጫወት ቢያሳልፍ መጠኑ ይቀንሳል ወይ? የጁኮው አሰልጣኝ መልሷል፤ የሌላኛው እንደደረሰን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን ከገና በፊት እንወስናለን።